ፋኑ ነው ወይስ ራዲያተሩ? ከጎጃም ለመጡ የአሽከርካሪዎች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከጎጃም የተጻፉ ሲሆኑ፣ የሚያነሡት ጉዳይም የሞተር ማቀዝቀዣ ፋን ነው። ከጻፉልን መካከል አብዛኞቹ የሞተሩ ሙቀት ከየት እንደመጣ ሳይመረመር የኤሌክትሪክ ፋን እንዲገጥሙ የተመከሩ ስለሆኑ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከሌሎቹ በስፋት መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

«የማሽከረክረው በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ነው። ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭኜ ስመለስ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ደጀን መውጣት ስጀምር የሙቀት ጌጁ ከመሃል ይነሣና ዳገቱ ሳያልቅ ቀዩን ይነካል። ከተማ ውስጥም ሞተሩ እየሠራ ለረጅም ጊዜ ከቆምኩ ይሞቃል። ከደጀን ወደ ማርቆስ ባለው ሜዳ ግን ይረጋጋል። መካኒኬ ‹ፋን ክላቹን አውልቀን የኤሌክትሪክ ፋን እንግጠምለት› ይለኛል። ልስማው?»

መልስ፦

የጻፉልን ዝርዝር የምርመራውን ግማሽ ሠርቶልናል። መኪና በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ነፋሱ ራሱ በራዲያተሩ ውስጥ ስለሚያልፍ የፋኑ ድርሻ አነስተኛ ነው። ቆሞ ሲሠራ ወይም በዝቅተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ ግን አየር የሚስብለት ፋኑ ብቻ ነው። ስለዚህ በሜዳ የሚረጋጋ፣ በዳገትና በቆመበት የሚሞቅ ሞተር በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው የአየር ፍሰቱን ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም መኪናዎ ቆሞ ደህና ሆኖ በፍጥነት ሲሄድ የሚሞቅ ቢሆን ኖሮ፣ የውስጡ ቧንቧ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ፣ አልከፈት ያለ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ የሚከፍተው ክፍል) ወይም የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) እንዲመረመርልዎ እንመክርዎ ነበር።

ዳገቱን በተመለከተ፣ የዓባይ ድልድይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1100 ሜትር ባነሰ ከፍታ ላይ ሲገኝ ደጀን ከ2400 ሜትር በላይ ነው። የጫነ መኪና በሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከ1300 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ጉዞው የሚጀምረውም በረሃው ውስጥ፣ አየሩ ራሱ ከሚሞቅበት ሸለቆ ነው። በዚያ ላይ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ደጀን አካባቢ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያሳልፈው የአየር መጠን በክብደት ያንሳል። ውሃም በደብረ ማርቆስ ከፍታ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተርዎ ከዚህ በላይ ሲሞቅ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝለት ነው፤ 0.9 ባር የሚይዝ ጤናማ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ጌጁ ቀዩን ሳይነካ ውሃው ሊፈላ ይችላል። ክዳን ከሁሉም መለዋወጫ ርካሹ ሆኖ ሳለ የሚመረምረው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል። በነገራችን ላይ ማንም አንባቢ የሞቀ ራዲያተር ክዳን በጨርቅም ይዞ ቢሆን እንዳይከፍት አጥብቀን እንለምናለን። ግፊቱ ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ የሚፈላው ውሃ ፊትንና እጅን ያቃጥላል።

አሁን ወደ ፋን ክላቹ እንለፍ። ይህ ክፍል በውሃ ፓምፑ ፑሌጋና በፋኑ መካከል የሚቀመጥ፣ ውስጡ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት የያዘ ክብ አካል ነው። ከፊቱ ላይ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቀው የተሠሩበት ጥቅል ወይም ጠፍጣፋ ምላስ አለ። ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ይህ ምላስ ይተጣጠፍና በውስጥ ያለውን ቀዳዳ ይከፍታል፤ ዘይቱም ወደ ሥራ ቦታው ገብቶ ፋኑን ከፑሌጋው ጋር ያያይዘዋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ይመለሳል፣ ፋኑም ከፑሌጋው ፍጥነት በጣም ባነሰ ፍጥነት እየተንሸራተተ ይዞራል። ዘይቱ ከጊዜ ብዛት ሲያረጅ ወይም ሲፈስ ክላቹ በሞቀ ጊዜም መንሸራተቱን ይቀጥላል። ያን ጊዜ ፋኑ ሲዞር ይታያል፣ አየር ግን አያሳልፍም፤ ብዙ አሽከርካሪዎችን የሚያሳስተውም ይህ መዞሩ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው በጠዋት፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበትና በጠፋበት ሰዓት ነው። ኮፈኑን ይክፈቱና ፋኑን በእጅዎ ይግፉት። ጤናማ ክላች ለስላሳ ግን የማያቋርጥ መከልከል ያሳያል፣ እጅዎን ሲያነሡም ወዲያው ይቆማል። ምንም ሳይከለክል ብዙ ጊዜ የሚሽከረከር ከሆነ ዘይቱ አልቋል። ቀጥሎ የፋኑን ጫፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዙ፤ ጎልቶ የሚታይ እንቅስቃሴ ካለ የክላቹ ወይም የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ስላለቀ፣ ፋኑ ራዲያተሩን ሳይቆርጠው መለወጥ አለበት። በክላቹ ፊት ላይ ከመሃል ወደ ዳር የተረጨ፣ አቧራ የያዘ የዘይት መስመር ካዩም ማስረጃው ተሟልቷል። የቀዘቀዘው ምርመራ አጠራጣሪ ከሆነ መኪናውን በደንብ አሙቀው ያጥፉት፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መቆሙን አረጋግጠው ፋኑን እንደገና ይግፉት፤ መከልከሉ ከጠዋቱ በግልጽ መጨመር አለበት። ጠዋት ሲያስነሡ ለአንድ ሁለት ደቂቃ የሚሰማው የፋን ጩኸት ግን ጤናማ ነው፤ ሌሊቱን የተጠራቀመው ዘይት እስኪመለስ የሚሰማ ድምፅ ስለሆነ እንዳያሳስብዎ።

ክላቹ ከደከመ በአዲስ ይለወጣል፤ አንዳንዶቹ የቶዮታ ክላቾች ደግሞ በብሎን የሚከፈቱ በመሆናቸው ለእነሱ ተብሎ የሚሸጠውን የሲሊኮን ዘይት መሙላት ይቻላል። የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ መሙላት ፈጽሞ አይገባም፤ ውፍረቱ በሙቀት ስለሚለዋወጥ ክላቹን ከመንሸራተት አያድነውም።

ክላቹን ከመኮነንዎ በፊት ግን ሁለት ነገሮችን በዓይንዎ እንዲያዩ እንፈልጋለን። አንደኛው በፋኑ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ከለላ ነው። የውሃ ፓምፕ ሲለወጥ «ያስቸግራል» ተብሎ ወልቆ ጋራዥ ውስጥ የቀረባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ከለላው ከሌለ ፋኑ በራዲያተሩ በኩል አዲስ አየር በመሳብ ፈንታ እዚያው ሞተሩ አጠገብ ያለውን የሞቀ አየር ያዞረዋል። ሁለተኛው የራዲያተሩ ፊት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር እህል በሚወቃበት ወቅት በደጀን፣ በአዋበልና በቢቸና መንገዶች የሚመላለስ መኪና የጤፍ እብቅ፣ የሣር ፍሬና ትንኝ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ይሰበስባል። የአየር ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ቆሻሻው የሚጠቀጠቀው ከፊት በማይታይበት በኮንዴንሰሩ (ከፊት ባለው የአየር ማቀዝቀዣው የራሱ ራዲያተር) እና በሞተሩ ራዲያተር መካከል ነው። በጀርባው የእጅ ባትሪ አብርተው ከፊት ሲመለከቱ ብርሃኑ በእኩል የማያልፍ ከሆነ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ዝቅ ባለ ግፊት ውሃ ይታጠብ። የመኪና ማጠቢያ ቤቶች ከፍተኛ ግፊት ክንፎቹን አጣጥፎ መተላለፊያውን ስለሚዘጋ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል።

የመካኒክዎ ምክር ግን ለእርስዎ መኪናና ለእርስዎ መንገድ አይስማማም ብለን እናምናለን። መካከለኛ የኤሌክትሪክ ፋን በ12 ቮልት ከ20 እስከ 30 አምፔር ይወስዳል፤ ይህ ከ240 እስከ 360 ዋት ገደማ ኃይል ነው። በቺንጋ የሚዞረው የእርስዎ ፋን ግን ክላቹ ሙሉ በሙሉ ሲይዝና ሞተሩ በዳገት በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ከአንድ ኪሎ ዋት በላይ ኃይል ከሞተሩ ወስዶ ወደ አየር ፍሰት ይለውጠዋል። የጫነ የናፍጣ መኪና የዓባይን ዳገት ሲወጣ የሚያስፈልገው ይኸው ብዛት ነው። በአሮጌ ፒካፕ ላይ ያለው ዲናሞ ደግሞ ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው፤ ማታ የፊት መብራቶቹ ብቻቸውን 10 አምፔር ያህል ሲወስዱ፣ በዝቅተኛ ዙር ላይ ያለ ዲናሞ ደግሞ ከሙሉ አቅሙ ግማሹን ያህል ብቻ ሲያመነጭ፣ ጉድለቱን የሚሸፍነው ባትሪው ነው። «ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው ክርክርም ለእርስዎ ብዙም አይሠራም፤ ክላቹ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ፋኑን ስለሚለቀው አብዛኛው ቁጠባ ቀድሞውኑ እየተገኘ ነው። ስለዚህ ክላቹን ያድሱ፣ ከለላውን ይመልሱ፣ ራዲያተሩን ያጽዱ፣ ክዳኑን ይለውጡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም በዳገት ከሞቀ ራዲያተሩ ወርዶ ውስጡ ይመርመር።

በመንገድ ላይ ሳሉ ጌጁ ሲነሣ የአየር ማቀዝቀዣ ካለ ያጥፉ፣ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ማርሽ ቀንሰው ነዳጅ በመጠኑ ይስጡ፤ ዙሩ ከፍ ሲል ፋኑም ፓምፑም ይፈጥናሉ። መቆም ግድ ከሆነና ውሃው ፈስሶ ካላለቀ፣ ሞተሩን ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ በቀስታ እየሠራ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል። ጌጁ ግን መውጣቱን ከቀጠለ ወዲያው ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር

«እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። በቆመችበት ስትሞቅ የኤሌክትሪክ ፋኗ አይነሣም። መካኒኩ የራዲያተሩን የሙቀት ስዊች ሽቦ ነቅሎ ከሻንሲ ጋር ሲያገናኘው ፋኑ ስላልዞረ ‹የፋኑ ሞተር ተቃጥሏል› አለኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦

ይህ ምርመራ በሌሎች ብዙ መኪኖች ላይ ትክክለኛ ቢሆንም በዚያ ዘመን በነበሩ በብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ ግን የተሳሳተ ፍርድ ያሰጣል። በእነዚህ መኪኖች ስዊቹ ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ የተያያዘ ሆኖ ይቆይና 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይላቀቃል፤ ፋኑ የሚነሣውም መስመሩ ሲቋረጥ ነው። ሽቦውን ከሻንሲ ጋር ማገናኘት ለመኪናይቱ «ውሃው ቀዝቃዛ ነው» እንደማለት ስለሆነ ፋኑ ያለመዞሩ የሚጠበቅ ነበር። እንግዲህ ቁልፉን ሞተር ሳያስነሡ ያብሩትና የስዊቹን ሶኬት ነቅለው ይተዉት። ፋኑ ከዞረ የፋኑ ሞተር፣ ፊውዙና ሪሌዩ (በቀጭን ሽቦ ታዝዞ የፋኑን ወፍራም መስመር የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ክፍል) ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ያለው በስዊቹ ላይ ወይም በውሃ ማነስ ነው። የውሃውን ማነስ የምንጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውሃው ወርዶ የስዊቹ ጫፍ አየር ውስጥ ከቀረ ሞተሩ እየፈላም ቢሆን ስዊቹ ሙቀቱን በትክክል አያነብም።

ሶኬቱ ተነቅሎም ካልዞረ፣ ከፋኑ የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች በቀጥታ ከባትሪው ጋር በማገናኘት ሞተሩን ለብቻው ይፈትኑት። በዚህ ጊዜ ከዞረ ፊውዙ፣ ሪሌዩና በሙቀት የጠቆሩ ማያያዣዎች ይታዩ። ካልዞረ ደግሞ የሞተሩን ጀርባ በጠመንጃ መፍቻ እጀታ በቀስታ መታ መታ ያድርጉት፤ ያን ጊዜ የሚነሣ ከሆነ በውስጡ ያሉት ካርቦኖች አልቀዋልና ባለሙያ ይለውጥልዎ። በአንዳንድ መኪኖች ፋኑ ቁልፉ ጠፍቶም ሊነሣ ስለሚችል፣ ጣትዎን ወደ ፋኑ ከማስገባትዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ።

ፋኑን በካቢን ውስጥ ባለ ማብሪያ በቀጥታ ማስነሣት ለጊዜው የሚያገለግል መፍትሔ ቢሆንም ማብሪያው ሙሉውን ኃይል እንዲሸከም መደረግ የለበትም። ትንሽ የፕላስቲክ ማብሪያ በ15 አምፔር ሲቀልጥ እሳት የሚነሣው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ነው።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም

«የአይሱዙ መኪናዬ ፋን ክላች ሲበላሽ አንድ መካኒክ በብሎን ቆልፎልኝ ነበር። ሙቀቱ ቀርቷል፤ ጩኸቱና የናፍጣው ፍጆታ ግን ጨምሯል። እንዲሁ ልተወው?»

መልስ፦

ከመንገድ ወደ ቤት ለመድረስ ከሆነ መቆለፉ ጥሩ ዘዴ ነበር። እንዲኖር ግን አይፈቀድለት። የተቆለፈ ፋን ሞተሩ በሚፈጥንበት ዙር ሁሉ አብሮ ይፈጥናል፤ ይህም ቺንጋውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ከመጨረሱም በላይ አርጅቶ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ምላጭ እንዲበጠስ ያደርጋል። የተበጠሰ ምላጭ ራዲያተሩን ይበሳል፣ ኮፈኑ ክፍት ሳለ ከሆነ ደግሞ ሰው ይጎዳል። ክላቹን አዲስ ይግጠሙ፤ እስከዚያው ድረስ ምላጮቹን በየጠዋቱ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ከቢቸና

«የቤንዚን ሞተር ያላት ትንሽ የቤት መኪና አለችኝ። በቺንጋ የሚዞረው ፋኗ ተሰብሮ መለዋወጫ ስላጣሁለት ያገለገለ የኤሌክትሪክ ፋን ገዝቻለሁ። ገጣጣሚው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፉ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች እናስረው ይላል። ምን ልጠንቀቅ?»

መልስ፦

ቀላል መኪና፣ አነስተኛ ጭነትና አብዛኛው ጊዜ በከተማ ውስጥ የሚውል ጉዞ ከሆነ የኤሌክትሪክ ፋን ተገቢ ምርጫ ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራም ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ስለሚዞር በቆመችበት እንዲያውም ከቀድሞው በተሻለ ሊያቀዘቅዝላት ይችላል። ማሰሪያው ግን ይቅርብዎ። ፋኑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ማሰሪያው የራዲያተሩን ክንፍና ቧንቧ እየፋቀ ውሎ አድሮ ያፈስሰዋል። በላሜራ የተሠራ ቅንፍ ከራዲያተሩ ፍሬም ጋር በብሎን ይታሰር፤ ከተቻለም ፋኑ ከነከለላው ሆኖ የራዲያተሩን አብዛኛውን ስፋት ይሸፍን። ቦታ ከተገኘ ፋኑ ከሞተሩ በኩል ሆኖ እንዲስብ ማድረግ ከፊት ሆኖ እንዲገፋ ከማድረግ ይሻላል፤ ከፊት የተቀመጠ ፋን በጉዞ ላይ የሚመጣውን ነፋስ በአካሉ ይጋርዳል።

የመስመሩ ዝርጋታ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ኃይሉ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነሥቶ፣ እዚያው ባትሪው አጠገብ በተቀመጠ ፊውዝ አልፎ፣ 40 አምፔር በሚችል ሪሌይ በኩል ወደ ፋኑ ይሂድ። በሪሌዩ ላይ 30 ቁጥር ከባትሪው የሚመጣውን፣ 87 ወደ ፋኑ የሚሄደውን፣ 85 እና 86 ደግሞ ከቁልፉና ከሙቀት ስዊቹ የሚመጡትን ቀጫጭን ሽቦዎች ይቀበላሉ። 25 ወይም 30 አምፔር ለሚወስድ ፋን ወፍራሙ ሽቦ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የሻንሲው መስመርም የዚያኑ ያህል ይወፍር፣ የሚታሰርበትም ብረት ቀለሙ ተፍቆ ይጽዳ። ፋን ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለሚስብ ፊውዙ ከፋኑ ፍጆታ በመጠኑ ከፍ ያለ፣ ከሽቦው አቅም ግን ያነሰ መሆን አለበት።

የሙቀት ስዊቹ ከቴርሞስታቱ ጋር ይመጣጠን። ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ የሚከፈት ከሆነ በ92 አካባቢ የሚያስነሣና በ87 አካባቢ የሚያጠፋ ስዊች ይስማማል። ከቴርሞስታቱ በታች የሚነሣ ስዊች ከተገጠመ ፋኑ ያለ ዕረፍት ይዞራል፣ ባትሪውም ይደክማል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ፋኑን አስነሥተው ከራዲያተሩ ፊት ለፊት አንድ ስስ ወረቀት ይጠጉበት። ወረቀቱ ወደ ራዲያተሩ ተስቦ መለጠፍ አለበት። ከተገፋ የሽቦዎቹ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተለዋውጠዋል፤ እንዲህ ያለ ፋን በጉዞ ላይ ከፊት ከሚመጣው ነፋስ ጋር ይታገላል። ሽቦውን አቀያይረው ሲዞር ምላጩ ራሱ ለዚያ አቅጣጫ የተሠራ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ለመግፋት የተሠራ ምላጭ እንዲስብ ሲገደድ ብዙ አየር አያሳልፍም። በክረምት የወንዝ መሻገሪያ ካለብዎ ወደ ውሃው ከመግባትዎ በፊት የሚያጠፉበት ተጨማሪ ማብሪያ በሪሌዩ መስመር ላይ ያስገቡ፤ ውሃ ውስጥ እየዞረ ያለ ፋን ምላጩ ይታጠፋል፣ ሞተሩም ሊቃጠል ይችላል። ማብሪያው ካጠፋው በኋላ መልሰው ማብራትዎን እንዲያስታውስዎ ትንሽ አምፖል ይኑረው።

ጥያቄ፦ ከእንጅባራ

«መኪናዬ ስትሞቅብኝ ቴርሞስታቱን አውልቀው ጣሉልኝ። አሁን ጠዋት ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ትወስዳለች፣ ዳገት ላይ ግን አሁንም ትሞቃለች። እንዴት ይሆናል?»

መልስ፦

በብዙ የጃፓን ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን መንገድ ሲከፍት፣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ደግሞ ይዘጋል። ሲወልቅ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሚሆን ከሞቀው ውሃ የተወሰነው ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ይገባል። በዳገት የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እንደ እንጅባራ ባለ ብርዳማ ደጋ ደግሞ ሞተር ሳይሞቅ ብዙ ሰዓት ሲሠራ ነዳጅ ያባክናል፣ ዘይቱን ያበላሻል፣ ሲሊንደሩንም ይበላል። የሞተሩን ዲግሪ የያዘ አዲስ ቴርሞስታት ከነጓርኒሲዮኑ ያስገቡ፤ ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ በሙቅ ውሃ ውስጥ አስገብቶ ሲከፈት እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ውሃውን ሲሞሉም ለሞተርዎ የተፈቀደውን ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅለው ይጠቀሙ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው ቴርሞስታቱ እስኪከፈትና የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) እስኪሞቅ ድረስ ክዳኑን ሳይገጥሙ አየሩን ያስወጡ።